የቀጥቃጩ ልጅና የሰርተፍኬት ጌቶች

በመሥሪያ ቤታችን የስልጠና ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ርዕሱ አልነበረም፤ ቦታው ነበር። አርባ ምንጭ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ዓሣ አለ። ሐዋሳ ከሆነ የበለጠ ጥሩ ነው፣ አበሉ ጠቀም ይላል። ስልጠናው እዚሁ ጂንካ ከሆነ ግን ያን ሳምንት ሁላችንም ሥራ ይበዛብናል፤ ሰው ላኩ ስንባል የምንልከው ሰው እናጣለን።

እኔ ደምሰው እባላለሁ። ስሙን መጥራት በማያስፈልገኝ በዚያ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራችን ቆላ ላሉ መንደሮች የእጅ ፓምፕ ማስተከልና መጠገን ነበር። ተከላውን ሌሎች እየመጡ ይሠሩልናል፤ ጥገናውን ግን ማንም አይሠራውም። ይህን የማወራው ስለ እኛ ለመናገር አይደለም፤ እኛ የሚወራልን ሰዎች አይደለንም። የማወራው ስለ ሻንቆ ነው፤ በራችንን ይጠብቅልን ስለነበረው ሰው።

ሻንቆ ከጂንካ በላይ ካለው ዳገት፣ እንሰት ከጓሮው ከማይጠፋበት የአሪ መንደር የመጣ ነው። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። በአሪ ዘንድ ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪውን ከገበሬው ለይተው «ማና» ይሉታል። ገበሬው መቆፈሪያውን፣ ማጭዱንና ቢላዋውን ከማናው እጅ ይገዛል። ማናው ግን የገበሬውን ደጃፍ አልፎ አይገባም፤ ከአንድ ዕቃ አብሮት አይበላም፤ ሴት ልጁንም አያገባም። ሰውየው በሠራው ቢላዋ ሥጋህን እየቆረጥክ ትበላለህ፣ ሰውየውን ግን ውጭ ታቆመዋለህ። ወንጌል ገብቶ ሰው ሁሉ ወንድማማች ነው ሲባል ጸሎት ቤት ውስጥ በአንድ አግዳሚ ላይ መቀመጥ ተጀመረ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ወንድማማችነቱ ተነስቶ ወደየቤቱ ይሄዳል።

ሻንቆ ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሰ አባቱ ሞቱ። በ1992 ዓ.ም. ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ወረደና በወር ሁለት መቶ ብር በማይሞላ ደመወዝ ዘበኛችን ሆነ። አጠር ያለ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ዝምታ የሚያበዛ ልጅ ነበር። አንድ ጠባይ ነበረው፤ ሰው ሲያነጋግረው ፊቱን አያይም፣ እጁን ነው የሚያየው። አንዳንዱ ዓይን አፋር ነው ይለው ነበር፣ አንዳንዱ ደግሞ ሌባ።

በ1994 ዓ.ም. የእጅ ፓምፕ ጥገና ስልጠና ደብዳቤ መጣ። ቦታው አርባ ምንጭ፣ ጊዜው አሥር ቀን። አለቃችን ተስፋሁን መጀመሪያ ራሱን፣ ቀጥሎ የፋይናንስ ኃላፊውን፣ ቀጥሎም ሦስት ወዳጆቹን መዘገበ። ከአምስቱ መካከል በእጁ የብሎን መፍቻ ይዞ የሚያውቅ አንድም አልነበረም። ዝርዝሩ ከመፈረሙ በፊት ሻንቆ ቆቡን በእጁ ይዞ ቢሮው ደጃፍ ላይ ቆመ።

«አቶ ተስፋሁን፣ እኔንም ቢልኩኝ ብዬ ነው።»

«የት?»

«ስልጠናው ላይ። ብረት አውቃለሁ፤ ከአባቴ ጋር ስሠራ ነው ያደግኩት።»

ተስፋሁን ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጦ ሳቀ። እሱም አሪ ነው፤ ከገበሬው ወገን፣ ከባለ መሬቱ ቤት። «ብረት መቀጥቀጥና ቴክኖሎጂ አንድ መስሎሃል? ማንዋሉ እኮ በእንግሊዝኛ ነው! ሂድ፣ በርህን ጠብቅ።»

እኔም አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ሳቅኩ። ነገሩ አስቆኝ አይደለም። አለቃ ሲስቅ መሳቅ ከሥራ ዝርዝሬ ውስጥ የተጻፈ ይመስለኝ ነበር።

አምስቱም ፊታቸው ሞላ ብሎ ተመለሱ። ተስፋሁን ሰርተፍኬቱን በመስታወት አስገጥሞ ከጠረጴዛው በላይ ሰቀለው። ምን ተማራችሁ ሲባሉ «ጥሩ የልምድ ልውውጥ ነበር» አሉ። ከስልጠናው ጋር አንድ ካርቶን መለዋወጫና አንድ ለመማሪያ የተፈታ ፓምፕ ተላከልን። ፓምፑን ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ጣልነው። ካርቶኑን ከፍቼ አየሁና ስሙን ስላላወቅኩት «ክብ ጎማ፣ ጥቁር፣ ትንሽ፣ መቶ ሃያ» ብዬ መዝግቤ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ከአምስቱ ሰልጣኞች ምንነቱን የጠየቅኩት አንድ እንኳ አልነበረም። ብጠይቃቸውም አያውቁትም ነበር።

በሳምንቱ ሻንቆ መጣ። «ጋሼ ደምሰው፣ ያን የተጣለ ፓምፕ ልየው?»

«አይተኸው ምን ይሠራልሃል?»

«ማየት ነው።»

ፈቀድኩለት። ግቢያችን ቀን ቀን ባዶ ስለነበረ ሥራ ፈትቼ ከአጠገቡ ተቀመጥኩ። ፈታው፣ በረድፍ ደረደረው፣ መልሶ ገጠመው፣ እንደገና ፈታው። በሦስተኛው ቀን የካርቶኑን ጎማ አንድ ስጠኝ አለኝና ከረጅሙ ዘንግ ጫፍ ላይ አስገባው። «እዚህ ነው የሚገባው። ውኃውን የሚስበው ይኼ ነው» አለ። እኔ ምን አልኩ? «ጥሩ ነው፤ ስትጨርስ ወደ ካርቶኑ መልሰው» አልኩት።

በዚያን ጊዜ ጂንካ መሃል፣ አውሮፕላን በማያርፍበት ቀን ከብት የሚግጥበት የድሮው ማረፊያ ሜዳ አጠገብ፣ ባሮክ የሚባል ከወላይታ የመጣ በያጅ ነበር። ሻንቆ የእረፍት ቀኑን ይዞ እሱ ዘንድ ሄደ።

«የምከፍልህ የለኝም» አለው ባሮክ።

«ክፍያ አልጠየቅኩም። ቆሜ እንድመለከት ብቻ ፍቀድልኝ።»

«እዚህ ቆሞ የሚያይ ሰው አልፈልግም። ይኼን ላሜራ ያዝ።»

እንዲህ ተጀመረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላው ዘበኛ በእረፍቱ ሲተኛ እሱ ላሜራ ሲይዝ፣ ሲቆርጥ፣ በኋላም ሲበይድ ይውል ነበር። ዓይኑ በብልጭታው ቀልቶ ሲመጣ የቢሮው ሰዎች «ጠጥቶ ነው» ይሉ ነበር። ሻንቆ ደግሞ የጸሎት ቤት ልጅ ነው፤ መጠጥ በከንፈሩ አልፎ አያውቅም። ባሮክ በመጨረሻ በቀን አሥራ አምስት ብር ልክፈልህና ከእኔ ጋር ሥራ አለው። ይኼ የዘበኝነቱ እጥፍ ገደማ ነው። ሻንቆ መልቀቂያ ጽፎ አስገባ።

በዚያ ዘመን የመንግሥት ሥራ ለቆ የሚሄድ ሰው ጂንካ ውስጥ እንደ እብድ ነበር የሚታየው። ተስፋሁን ደብዳቤውን እያገላበጠ፣ «ጡረታህስ?» አለው።

«ጡረታ ከመድረሴ በፊት መብላት አለብኝ።»

«ተመልሰህ ብትመጣ ቦታ የለህም።»

«አልመጣም» አለና ወጣ። ተስፋሁን በመስኮቱ እያየው፣ «ሄዶ ሄዶ የአባቱ ፍም ላይ ተቀመጠ» አለ። ሳቅን። ሁልጊዜ እንስቅ ነበር።

ከባሮክ ጋር ስምንት ዓመት ሠራ። የገበያው በር፣ የትምህርት ቤቱ አጥር፣ የጸሎት ቤቱ መስኮት፣ ግማሹ የእሱ እጅ ነው። በዚህ መሃል ኤልዳናን አገባ። ኤልዳና ከጋሞ ደጋ ከአክስቷ ጋር መጥታ ገበያ ውስጥ ልብስ ትሸጥ የነበረች፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ናት። የዚህ አገር ገበሬዎች ለማና ልጃቸውን አይሰጡም። እሷ ግን ማና ማለት ምን እንደሆነ የሚነግራት ሰው ሲመጣ፣ «እሱን ተዉትና፣ ሠርቶ ቤት ያስገባል ወይ?» ብላ መለሰችለት።

በ2004 ዓ.ም. ታች ኦሞ ላይ ትልቅ የፋብሪካ ግንባታ ተጀመረና በያጅ ይፈለጋል ተባለ። ሻንቆ ሄደ። ወረቀት ስለሌለው በረዳትነት ተቀጠረ፤ ሥራው ለሌሎች በያጆች ገመድ መጎተትና ብረት መያዝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ በያጅ በወባ ተኛ። ፎርማኑ ሻንቆን «እስቲ ሞክር» አለው። የበየደውን መገጣጠሚያ ፎርማኑ በመዶሻ መታው፣ ደገመው፣ ሰለሰው። አልተነቃነቀም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በያጅ ሆነ። ክፍያው ግን ወረቀት ካላቸው ግማሽ ነው። እነሱ የበየዱት ሲሰነጠቅ የሚጠግነው እሱ፣ በወሩ መጨረሻ እጥፉን የሚወስዱት እነሱ።

ስለዚህ የብቃት ምዘና ለመፈተን ሄደ። በተግባሩ ሙሉ ነጥብ አገኘ፤ በጽሑፉ ወደቀ። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነበር። መዛኙ፣ ቅባት ነክቶት የማያውቅ ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው፣ «ብየዳው ጥሩ ነው፤ ዕውቀቱ ግን የለህም» አለው። ይህን አንድ ጊዜ በዝግታ አንብቡት። ብየዳው ጥሩ ነው፣ ዕውቀቱ ግን የለህም! አገራችንን በሙሉ በዚህች አረፍተ ነገር ውስጥ ማስገባት ይቻላል።

ሻንቆ ግን አልተቆጣም፤ ወይም ቢቆጣም ቁጣውን ሥራ አሠራው። በየወሩ ጂንካ ሲመጣ ኤልዳና እሑድ ከጸሎት መልስ አስቀምጣ የእንግሊዝኛ ስሞቹን ታስጠናው ነበር። እሷም ስለ ብየዳ የምታውቀው የለም፤ እሱ ዕቃውን ያሳያታል፣ እሷ ስሙን ታነብለታለች። እንዲህ እየተማማሩ በዓመቱ ፈተናውን አለፈ። ደመወዙ በዚያው ወር እጥፍ ሆነ። ጂንካ መንገድ ላይ አግኝቼው እንኳን ደስ አለህ ስለው እጁን ገልብጦ አየው። «እጄ ባለፈው ወር የነበረው ነው፣ ጋሼ። ያደገው ወረቀቱ ነው» አለኝ።

በ2007 ዓ.ም. የግንባታው ሥራ ሲቀዘቅዝ ተመለሰ። ሲመለስ ጂንካ ተለውጣለች። እሱ ሲጀምር ሁለት የነበሩት ብየዳ ቤቶች አሥራ አንድ ሆነዋል። የአንድ በር ዋጋ ወርዷል፤ ባሮክ እንኳ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ዝንብ ሲያባርር ይውላል። ሌላ ሰው ቢሆን አሥራ ሁለተኛውን ይከፍት ነበር። ሻንቆ ወደ ወይጦ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ተሳፈረና ዝም ብሎ አየ።

ወይጦ ሞቃት ናት። በወንዙ ዳርቻ ሽንኩርትና ሙዝ የሚያለሙ ሰዎች በናፍጣ ፓምፕ ነው የሚያጠጡት። ፓምፑ ሲቆም መካኒክ ከአርባ ምንጭ ይጠራል፤ መካኒኩ እስኪመጣ አራት ቀን፣ አምስት ቀን። ሽንኩርቱ ደግሞ አምስት ቀን አይጠብቅም። በከተማዋ ያሉት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ብቻ ነበሩ፤ ጋሽ ውባየሁ፣ የጥጥ እርሻ ትራክተር ሲጠግኑ ያረጁ፣ ወገባቸው ስለተያዘ ሁሉም ዘንድ መድረስ የማይችሉ።

ሻንቆ ቤቱ ተመልሶ ለኤልዳና ነገራት። ጋሽ ውባየሁ ዘንድ በረዳትነት ሊገባ ነው፣ በቀን ሠላሳ ብር።

«ሠላሳ?» አለች ኤልዳና። «በቀን መቶ ሃምሳ የምታገኝ ሰው? ዕድሜህ ሠላሳ አራት ነው፤ ልጅ አለን።»

«በያጅ በዝቷል። ሞተር የሚያውቅ ሰው ግን የለም።»

«ስንት ጊዜ ነው ከዜሮ የምትጀምረው?»

ሻንቆ አሰብ አድርጎ፣ «የማውቀውን ነገር ሁሉም ሰው ባወቀው ቁጥር» አላት።

ሁለት ቀን አላናገረችውም። በሦስተኛው ቀን ልብሱን አጣጥፋ ሰጠችው። «ስምንት ወር። በዘጠነኛው ራሴ መጥቼ ከመኪናው ሥር ጎትቼ አወጣሃለሁ።»

ጂንካ ውስጥ ወሬው በዚያው ሳምንት ደረሰን። ቀጥቃጭ ነበር፣ ዘበኛ ሆነ፣ በያጅ ሆነ፣ አሁን ደግሞ ሽንኩርት አጠጪ ሆነ ተባለ። ይህን የሚሉት በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው አሥራ አምስት ዓመት የሞላቸው፣ ደመወዛቸው ገበያውን ማሳደድ ካቃተው የቆዩ ሰዎች ናቸው። ያልተነሳ ሰው በሄደ ሰው ላይ ሲስቅ ማየት ከፈለጋችሁ ቢሯችን ሁልጊዜ ክፍት ነበር።

ጋሽ ውባየሁ አስቸጋሪ ሰው ነበሩ። ሞተር አስነስተው ሻንቆን ዓይንህን ጨፍን ይሉታል። «ምን ሰማህ?» «ይንኳኳል።» «ምኑ?» ካላወቀው ሞተሩን አጥፍተው ዝም ይላሉ፤ ያን ቀን ሌላ ትምህርት የለም። በሁለተኛው ወር ክፉኛ ተስፋ ቆርጦ እንደነበር ኋላ ነግሮኛል። በስድስተኛው ወር ግን አንድ ሙዝ አልሚ ግቢ ገና ሳይደርሱ ከመንገድ ላይ ሆኖ፣ «የነዳጅ መርጫው ነው» አላቸው። ሽማግሌው ሲደርሱ መፍቻውን ለእሱ ሰጥተው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ስምንቱ ወር ሲሞላ ሻንቆ በአንድ ፓምፕ ጥገና በያጅ በሳምንት የሚያገኘውን ይከፈለው ጀመር፤ ጋሽ ውባየሁም ጡረታ ወጣሁ ብለው ደንበኞቻቸውን ሁሉ ለእሱ አስረከቡ።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ፤ ማፈሪያው እዚህ ጋ ነው።

ከቀይ አፈር ከተማ ቁልቁል በምትገኝ አንዲት የበና ሕዝብ መንደር ያለ የእጅ ፓምፕ ከተበላሸ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ሴቶቹ የደረቀ ወንዝ አሸዋ እየጫሩ ነው ውኃ የሚቀዱት። እኛ ሦስት ጊዜ ለጥናት ሄደናል፤ ሦስት ጊዜም አበል ወስደናል። ሪፖርቱ «መለዋወጫው በአገር ውስጥ ባለመገኘቱ» ይላል። በ2009 ዓ.ም. ከክልል ጎብኚዎች ያችን መንደር ለማየት እንደሚመጡ ተነገረን፤ የቀረን ስድስት ቀን ነው። ሰርተፍኬቶቹ ሁሉ ከግድግዳው ላይ ሆነው እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር።

ተስፋሁን እኔን ወይጦ ድረስ ወደ ሻንቆ ላከኝ። ሻንቆ ሞተር እየገጠመ ነበር። ሰማኝና፣ «ራሳቸው ይምጡ» አለ።

መጣ። ተስፋሁን በዚያ በተወለወለ ጫማው ቅባት ላይ እየተራመደ መጣ። ሻንቆ ተነስቶ በአክብሮት ሰላም አለው፤ ዋጋውንም ነገረው። ተስፋሁን «ትንሽ አስተያየት...» ሲል ሻንቆ ወደ ሞተሩ ተመልሶ ጎንበስ አለ። ተስማማን።

ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። «ጋሼ ደምሰው፣ ያ የክብ ጎማ ካርቶን አለ?»

ደነገጥኩ። አሥራ አምስት ዓመት! በየዓመቱ ቆጠራ ሲደረግ መቶ አሥራ ዘጠኝም ሳይሆን መቶ ሃያ፣ አንድም ሳይጎድል፣ በኩራት ያስረከብኩት። በአገር ውስጥ አይገኝም ያልነው መለዋወጫ በጀርባዬ መደርደሪያ ላይ ነበር።

ጎብኚዎቹ በሚመጡበት ቀን ጠዋት ከተስፋሁንና ከሻንቆ ጋር ሄድኩ። ሻንቆ ጄኔሬተሩንና የብየዳ ማሽኑን ፒክአፕ ላይ ጫነ። መንደሯ ስንደርስ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ከሩቅ ቆመው ያዩን ነበር፤ እኛን ስላወቁን አልተጠጉም። ሻንቆ የፓምፑን አናት ፈታ። ዘንጉ ከመሃሉ ተሰብሮ ታችኛው ክፍል ከተበላው ጎማ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ቀርቷል። ከብረት ረጅም መንጠቆ ሠርቶ ደረቱን መሬት ላይ ጥሎ፣ ክንዱን በጉድጓዱ አፍ እስከ ብብቱ አስገብቶ ይፈልግ ጀመር። አንድ ሰዓት ፈጀበት። ሲያወጣው የበና ሽማግሌዎች ጠጋ አሉ። ዘንጉን በየደ፤ ከካርቶኑ ግማሹ ጎማ ደርቆ ስለነበር እያጠፈ እየሞከረ ደህናውን መረጠ፤ ገጠመው። ቀጥሎ አንዲትን ሴት በእጁ ጠርቶ መያዣውን አስያዛት። ሃያ ጊዜ ያህል ስትገፋ አየር ብቻ ተነፈሰ። ከዚያ ዝገት የለበሰ ውኃ፣ ከዚያ ንጹሕ ውኃ ወጣ። ሴቶቹ ሳቁ፣ ጮኹ፣ ጀሪካናቸውን እያንኳኩ ተጋፉ። ሁለት ዓመት፤ ለሦስት ሰዓት ሥራ።

እኩለ ቀን ላይ ጎብኚዎቹ ደረሱ። ተስፋሁን ከፓምፑ አጠገብ ቆሞ «በመሥሪያ ቤታችን ባለሙያዎች ያላሰለሰ ጥረት» እያለ ተናገረ፤ በኩባያ ውኃ ቀድቶ ጠጣና ለእንግዶቹም አስቀዳ። ሻንቆ መፍቻውን እያጠበ ይሰማል። ፍየል ታርዶ ስለነበር ምሳ ቀረበ። እኛ ግራሩ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎልን ተቀመጥን። ተስፋሁን ለሾፌራችን በጆሮው አንድ ነገር ተናገረው። ሾፌሩ ጥቂት ሥጋ በቅጠል አድርጎ ለሻንቆ ለብቻው፣ ራቅ ካለ ዛፍ ሥር ወስዶ አስቀመጠለት።

ሻንቆ ቅጠሉን አየው። ከዚያ ተነስቶ ወደ እኛ መጣ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«አቶ ተስፋሁን፣ ውኃውን ጠጡት?»

«ጠጥተናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን» አለ ተስፋሁን፣ ለእንግዶቹ ፈገግ እያለ።

«እጄ እስከ ብብቴ የገባበት ውኃ ነው። ከእኔ ጋር ሥጋ ካልበሉ ውኃዬንም አይጠጡ። ይትፉት እስቲ።»

ከእንግዶቹ አንዱ «ምን ማለቱ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሻንቆ የተናገረው በአማርኛ ነው፣ ጠያቂውም አማርኛ ነው የሚችለው፤ ግን ሊያስረዳው የደፈረ አልተገኘም። ተስፋሁን ኩባያውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። ሻንቆ ዞር ብሎ ሄደ። የበና ሽማግሌዎች በትንንሽ የእንጨት መቀመጫቸው ላይ ተቀምጠው ድርሻቸውን ይበሉ ነበር፤ ከመሃላቸው ቦታ ለቀቁለት፣ አንደኛውም ከራሱ ድርሻ ቆርጦ ሰጠው። ለእነሱ የአሪ ገበሬና የአሪ ቀጥቃጭ ልዩነት የላቸውም፤ ሁለቱም ዳገት ላይ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው።

እኔስ? እኔ ሥጋዬን በላሁ። ቢቀዘቅዝብኝም በላሁ።

ከሁለት ወር በኋላ መሥሪያ ቤቱ ሻንቆን በረዳት ቴክኒሽያንነት ልቅጠርህ አለው። ደመወዙን አንብቦ ወረቀቱን በሁለት እጁ መለሰ። «በዚህ ሁለት ቀን ልሠራላችሁ እችላለሁ። የወሩን ሃያ ስምንት ቀን ግን ሌላ ሰው ፈልጉለት» አለ።

እኔ በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ወጣሁ። በ2013 ዓ.ም. ናፍጣ በየቦታው እየጠፋ አልሚዎቹ ወደ ፀሐይ ኃይል ፓምፕ መዞር ጀመሩ። የወይጦ መካኒኮች፣ ያኔ ስድስት ደርሰዋል፣ «ፋሽን ነው፤ ያልፋል» አሉ። ሻንቆ በራሱ ገንዘብ ሐዋሳ ሦስት ሳምንት ሄደ። ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች የመጡት ሰልጣኞች ጠዋት ስማቸው ላይ ፈርመው ወደ ሐይቁ ይሄዳሉ። በሁለተኛው ሳምንት ክፍሉ ውስጥ የቀሩት አስተማሪውና እሱ ብቻ ነበሩ። አስተማሪዋ ልበል እንጂ፤ ሰምሃል የምትባል ወጣት መሐንዲስ ናት። ከእሱ በአሥራ አምስት ዓመት ታንሳለች፤ እሱ ግን «መምህርት» እያለ ይጠራታል። አሁንም ጥያቄ ሲኖረው ይደውልላታል። ዛሬ ከወይጦ እስከ ኦሞ ዳር ያለው የፀሐይ ፓምፕ ሲቆም የሚጠራው ሻንቆ ነው። ጂንካ ላይ ሱቅ ከፍቷል፤ ሦስት ሠራተኛ አለው፤ በወር የሚያገኘውን ቢነግረኝም አልነግራችሁም። ተስፋሁን ያንን ለማግኘት ስንት ስልጠና መሄድ እንደሚኖርበት ግን አስልቼዋለሁ፤ ዕድሜው አይበቃም።

የእኔ ጡረታ ደግሞ በወሩ አጋማሽ ነፍሱ ትወጣለች። ባለፈው ዓመት ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ሱቁ ሄድኩ።

«ሻንቆ፣ ዕቃ ቤት የሚይዝልህ ሰው ከፈለግክ... ሃያ ስምንት ዓመት ንብረት ክፍል እንደሠራሁ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለ። «የሚያስፈራኝም እሱ ነው።»

አልሳቀም፤ ከልቡ ነው። «እዚህ መቁጠር ብቻ አይበቃም። እያንዳንዱ ዕቃ የት እንደሚገባ፣ ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ማወቅ አለብህ። ሦስት ወር በግማሽ ደመወዝ ትማራለህ። እሺ ካልክ ሰኞ ና።»

ግማሽ ደመወዙ ከጡረታዬ ይበልጥ ነበር። ሰኞ ሄድኩ። በስልሳ ስድስት ዓመቴ መነጽሬን አድርጌ የፓምፕ ክፍል ስም አጠና ጀመር።

ተስፋሁንን በዚያ ሰሞን ገበያ መውጫው ላይ አገኘሁት። ከዘራውን ተደግፎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «በዚህ ዕድሜህ ከማና ሥር ትሠራለህ አሉኝ» አለ። ደመወዜን ነገርኩት። ጥቂት አብረን ከተራመድን በኋላ፣ «ሌላ ሰው ይፈልግ ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ።

ለሻንቆ ነገርኩት። «ይምጡ» አለ። «እንደማንኛውም ሰው ዕቃ ከማጠብ ይጀምራሉ።» መልእክቱን እንዳለ አደረስኩ። ተስፋሁን እስከ ዛሬ አልመጣም፤ ሰላምታውንም አቁሟል።

ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ወር፣ ኮልቾ በሚባል የኦሞ ዳር መንደር ለቆመ ፓምፕ መለዋወጫ ሳወጣ፣ ዘንግ የሚሽከረከርባቸው ሁለት የሚመሳሰሉ ኩሽኔታዎች ተምታተውብኝ ለሻንቆ የማይሆነውን አስያዝኩት። ሻንቆ ከዚያ ሩቅ መንገድ ባዶ እጁን ተመለሰ። እንዲጮህብኝ ጠብቄ ነበር። ትክክለኛውን እጄ ላይ አስቀመጠና፣ «ነገ አብረኸኝ ትሄዳለህ፤ ራስህ ታስገባዋለህ» አለኝ። ሄድን። ከኦሞ ወንዝ በላይ ካለው ገደል ወርደን ፓምፑ ሥር ተንበረከክሁ፤ ጉልበቴ ተንቋቋ፣ ቅባቱ እስከ ክርኔ ደረሰ። ሁለት ጊዜ አጣምሜ አስገባሁት፤ ሻንቆም ሁለት ጊዜ አስወለቀኝ። በሦስተኛው ገባ። የፀሐይ ፓነሉን ሲያገናኙት ውኃው በማሽላው ማሳ ላይ ተንደረደረ። ሻንቆ እንደ ልማዱ ፊቴን አላየም፤ እጄን ብቻ አይቶ ቀጥሎ የሚፈታውን ብሎን አሳየኝ።